የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃድ፦ ምንድን ነው? ማን ይሰጠዋል? እንዴትስ ይገኛል?



በዚህ እትም የሙያ ትምህርት ገጻችን የምናጠናው ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ነው። ርእሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። እዚህ ካኩማ ውስጥ ሽቦ መዘርጋት፣ ሶኬት መግጠም፣ ሶላር ማሰር የሚችሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከሀገር ቤት ሙያውን ይዘው የመጡ አባቶችም አሉ። ይሁን እንጂ «ሥራውን አውቀዋለሁ» እና «ሥራውን እንድሠራ ተፈቅዶልኛል» የሚሉት ሁለት አባባሎች አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ረዳት ሆኖ ይቀራል፤ ወይም አንድ ቀን አደጋ ሲደርስ ብቻውን ተጠያቂ ይሆናል።

ይህን ትምህርት አንብባችሁ ስትጨርሱ፦

ሀ) የምስክር ወረቀት፣ የሙያ ፈተና እና ፈቃድ የሚባሉትን ለይታችሁ ማስረዳት፤
ለ) ፈቃድ ለምን እንደሚጠየቅ በምሳሌ ማሳየት፤
ሐ) በኬንያ ሕግ ስደተኛ በሙያው ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልገው መናገር፤
መ) ከዛሬ ጀምሮ ምን ምን ወረቀት መያዝ እንዳለባችሁ ማወቅ ይገባችኋል።

1. ሦስት ቃላት፣ ሦስት ትርጉም

ብዙ ሰው «ወረቀት አለኝ» ሲል የትኛውን ወረቀት ማለቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ቃላቱን አስቀድመን እንለይ።

የትምህርት ማስረጃ፦ ከማሠልጠኛ ወይም ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው። «ይህ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ተምሯል» ይላል። መማርን እንጂ መፍቀድን አያሳይም።

የሙያ ፈተና ውጤት፦ በእጅ ሥራ ተፈትኖ ያለፈ ሰው የሚያገኘው ነው። በኬንያ ይህን ፈተና የሚሰጠው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን (ባጭሩ ኒታ) የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። የሚጀመረው ከደረጃ 3 ነው፤ ከዚያ ደረጃ 2፣ በመጨረሻም ደረጃ 1 ይመጣል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ይሳሳታሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ማዕረጉ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም።

ፈቃድ፦ ሥራውን በራስ ስምና በራስ ኃላፊነት ለመሥራት መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። በኬንያ ይህን የሚሰጠው የኢነርጂና የነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው፤ ሰዎች በአጭሩ ኢፕራ ይሉታል። ኢፕራ የተቋቋመው በ2019 በወጣው የኢነርጂ ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአጭሩ፦ ማስረጃ መማርን ይመሰክራል፣ ፈተና መቻልን ያረጋግጣል፣ ፈቃድ ደግሞ ተጠያቂ ያደርጋል። ሦስቱ እንደ መሰላል ናቸው።

2. ፈቃድ ለምን አስፈለገ?

«ጠረጴዛ ለመሥራት ፈቃድ አይጠየቅም፣ ለኤሌክትሪክ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው። ጠረጴዛ በደንብ ካልተሠራ ይነቃነቃል፤ ገዢው በዓይኑ ያያል። የኤሌክትሪክ ጥፋት ግን በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። መብራቱ ይበራል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሠራተኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥፋቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በሌሊት፣ ልጆች ተኝተው ሳለ ነው። ባለቤቱ አይቶ ሊፈርድ ስለማይችል በእርሱ ፈንታ መንግሥት አስቀድሞ ሠራተኛውን ይመረምራል። የፈቃድ መሠረቱ ይኸው ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ዕቃ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከአዲስ አበባ መጣ እንበል። ከኋላው «220 ቮልት፣ 3500 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል። የኬንያ መብራት ግን 240 ቮልት ነው። በግድግዳ ላይ ያለው ባለ ሦስት እግር ሶኬት ደግሞ ቢበዛ 13 አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ነው። ምጣዱን በዚያ ሶኬት ላይ መሰካት ይቻላልን?

እናስላ። የምጣዱ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) የሚገኘው ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለዋቱ ስናካፍል ነው፦ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.8 ኦም ገደማ። በ240 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚስበው ከረንት 240 ÷ 13.8 = 17.4 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ ከ13 አምፔር በላይ ነው። ስለዚህ ምጣዱ በተራ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም፤ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሣ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ያልተማረ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል በምትኩ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ይከታል። ምጣዱ ይሠራል፣ እንጀራው ይበስላል፣ ሁሉም ያመሰግነዋል። ነገር ግን ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦው ከመጠን በላይ ሲግል ቀድሞ እንዲበጠስ ነው። እርሱ ከተነሣ በኋላ የሚግለው በግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። በሸራና በእንጨት በተሠራ ቤት ውስጥ ይህ ማለት እሳት ነው፤ በእኛ ሠፈር ደግሞ የአንዱ ቤት እሳት የአንዱ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሁለተኛ ነገር፦ ፊውዝ ሽቦን እንጂ ሰውን አያድንም። የ13 አምፔር ፊውዝ ማለት 13,000 ሚሊአምፔር ነው። የሰውን ልብ ለማወክ ግን ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር ይበቃል። ሰው ሽቦ ይዞ እየሞተ ሳለ ፊውዙ ምንም ሳይሆን ይቀመጣል። ሰውን የሚያድኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በትክክል የተቀበረ የምድር ሽቦ (ግራውንድ) እና በ30 ሚሊአምፔር መፍሰስ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ ብሬከር። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩም መብራቱ ይበራል። ለዚህ ነው «በርቷል» ማለት «ደኅና ነው» ማለት ያልሆነው።

ሦስተኛ፦ የሽቦ ቀለም። በቆዩ የኬንያ ቤቶች ውስጥ ቀይ ሽቦ ፌዝ፣ ጥቁር ሽቦ ኒውትራል ነው። በአዲሶቹ ውስጥ ግን ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ዥንጉርጉሩ የምድር ሽቦ ነው። አንድ ቤት ግማሹ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ተሠርቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የተማረ ሠራተኛ ቀለም አይቶ አይነካም፤ በመለኪያ ፈትሾ ነው የሚነካው። ፈታኞች አጥብቀው ከሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው።

3. የፈቃድ ዓይነቶች በኬንያ

በ2006 የወጣው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ደንብ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ለይቶ አስቀመጠ።

ሀ) የሠራተኛ ፈቃድ። ይህ ለግለሰብ የሚሰጥ ነው። ባለፈቃዱ ሥራውን በእጁ እንዲሠራና የሌሎችን ሥራ እንዲቆጣጠር ያስችለዋል።

ለ) የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ። ይህ ከደንበኛ ጋር ውል ለመዋዋል፣ ሥራውን በድርጅት ስም ለመረከብና ሲያልቅ ፈርሞ ለማስረከብ ነው። ተቋራጩ በዚያው ደረጃ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል፤ ወይም ራሱ ባለፈቃድ መሆን አለበት።

ሁለቱም በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። ዝቅተኛው ሲ-2 ይባላል፤ ለአነስተኛ ቤት የነጠላ ፌዝ ሥራ የሚሆን ነው። ከዚያ ሲ-1፣ ቀጥሎ ቢ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ሰፊው ሥልጣን ያለው ኤ-1 ላይ ይደርሳል። የሲ-2 ፈቃድ ይዞ የፋብሪካ ባለ ሦስት ፌዝ (415 ቮልት) ሥራ መሥራት፣ ጨርሶ ፈቃድ ሳይኖር እንደመሥራት ይቆጠራል። ፈቃድ በር ከፋች ብቻ አይደለም፤ ወሰንም ነው።

አመልካቹ የትምህርትና የፈተና ማስረጃውን፣ የሥራ ልምዱን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ መታወቂያውንና ፎቶግራፉን አያይዞ ለባለሥልጣኑ ያቀርባል። ከዚያም ለቃል ፈተና ይጠራል። ፈታኞቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሽቦ ውፍረት፣ ስለ ምድር ሽቦ፣ ስለ ፍተሻና ስለ ደንቡ ይጠይቁታል። በልምድ ብቻ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እጁ ያውቃል፣ አፉ ግን ምክንያቱን መናገር ይሳነዋል። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሙያውን ቃላት በእንግሊዝኛ ማጥናት የፈተናው ግማሽ ነው በሉ።

ሥራው ሲያልቅ ተቋራጩ መስመሩን ይፈትሻል። የሚፈትሸውም የምድር ሽቦው ሳይቋረጥ መድረሱን፣ ፌዝና ኒውትራል አለመቀያየራቸውን፣ የሽቦው ልባስ አለማፍሰሱን ነው። ለመጨረሻው ፍተሻ በ500 ቮልት የሚለካ መሣሪያ ይጠቀማል፤ በዛሬው መለኪያ ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም። ከዚያ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ላይ ይፈርማል። ኬንያ ፓወር የተባለው መብራት የሚያከፋፍለው ድርጅት ቆጣሪ ከማስገባቱ በፊት የሚጠይቀው ይህን ወረቀት ነው።

4. ስለ ሶላር የተለየ ደንብ አለ

በእኛ አካባቢ ከቆጣሪ ይልቅ ሶላር ይበዛል። ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምታገኙት ሥራም ይኸው ነው። «ሶላር የፀሐይ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። በ2012 የወጣው የሶላር ደንብ ቴክኒሻኖችን በሦስት ከፍሎ አስቀምጧል፦

ቲ-1፦ ትንንሽ ሥራ፤ አንድ ባትሪ ያለው፣ እስከ 100 ዋት የሚደርስ።
ቲ-2፦ መካከለኛ ሥራ፤ ብዙ ሰሌዳዎች ሆነው እስከ 300 ዋት የሚደርሱ፣ ወይም ብዙ ባትሪዎች ያሉት፤ ኢንቨርተርም ሊኖረው ይችላል።
ቲ-3፦ ከፍተኛ ሥራ፤ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኝ ወይም ከጄኔሬተር ጋር የተጣመረ ሥራን ጨምሮ።

ይህ አከፋፈል ለተማሪ ጥሩ መንገድ ያሳያል። ትልቁን ፈቃድ ሳይጠብቅ ከትንሹ ጀምሮ፣ እየሠራ ልምዱን በደብዳቤ እያስመሰከረ ወደ ላይ መውጣት ይችላል።

5. ስደተኛ ፈቃድ ማግኘት ይችላልን?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። በኬንያ በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ስደተኛ ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ተቀጥሮ የመሥራት፣ ንግድ የማካሄድ፣ እንዲሁም በሙያው የመሠማራት መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን ለሙያው አንድ ቃል ጨምሮበታል፤ ሙያው «በኬንያ ሥልጣን ባለው አካል የታወቀ» ማስረጃ ሊኖረው ይገባል ይላል።

ይህችን ሐረግ አስምሩባት። መብቱ ተሰጥቷል፤ ቁልፉ ግን የታወቀው ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሌለው ስደተኛ መብቱን በወረቀት ላይ ያነበዋል እንጂ አይሠራበትም። በሌላ በኩል የኒታን ፈተና ያለፈ ስደተኛ «ስደተኛ ስለሆንክ» ተብሎ ብቻ ሲመለስ ሕጉን ጠቅሶ መናገር ይችላል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮችን አትርሱ፦

አንደኛ፣ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ (የስደተኞች የሆነው «ክፍል ኤም» የሚባለው) ያስፈልጋል። ይህ ከኤሌክትሪክ ፈቃዱ የተለየ ነው። አንዱ «በዚህ ሀገር መሥራት ትችላለህ» ይላል፤ ሌላው «ይህን ሥራ መሥራት ትችላለህ» ይላል።

ሁለተኛ፣ የመሥራት መብት የመንቀሳቀስ ፈቃድ አይደለም። ለፈተና ሎድዋር ወይም ኤልዶሬት የሚጠራ ሰው የመውጫ ወረቀቱን ከስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የፈተናውን መጥሪያ ደብዳቤ ማያያዝ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ካምፕ ከሀገሩ ሕግ ውጭ አይደለም። ከጄኔሬተር ባለቤት በመንገድ ላይ ተስቦ ለጎረቤት የሚሸጥ መስመርም ቢሆን ሰው ቢገድል በሕግ ያስጠይቃል።

6. ከሀገር ቤት ይዘን ስለመጣነው ማስረጃ

በኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ ሥራ እንዲሁ በፈቃድ ነው። በ1997 በአዋጅ ቁጥር 86 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 810 የኢነርጂ ባለሥልጣን ተተካ፤ ዛሬ ሥራውን የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም ከደረጃ ደረጃ ለመሸጋገር የብቃት ምዘና ይወስዳሉ። ስለዚህ «ይህ የፈቃድ ነገር የኬንያ ሰዎች እኛን ለማገድ ያወጡት ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ወደ ሀገር ቤት ብንመለስም፣ ወደ ሦስተኛ ሀገር ብንሄድም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል።

ከኢትዮጵያ የተገኘ ማስረጃ በኬንያ እንዲታወቅ፣ በ2014 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የብሔራዊ የትምህርት ማስረጃዎች ባለሥልጣን አለ። የውጭ ሀገር ማስረጃን ከኬንያ ደረጃ ጋር የሚያመሳስለው እርሱ ነው። ማስረጃው በአማርኛ ከሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት። ማስረጃው በመንገድ የጠፋበት ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። የኒታ የሙያ ፈተና የተዘጋጀው በእጁ የተማረ ሰውም ችሎታውን እንዲያሳይ ጭምር ነው። ከደረጃ 3 ጀምሮ ፈተናውን ማለፍ ከጠፋ ወረቀት ይልቅ ፈጣን መንገድ ሊሆን ይችላል።

7. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሀገር ቤት አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ይህ አይበቃም?
መልስ፦ ልምድዎ ትልቅ ሀብት ነው፣ ነገር ግን ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ልምዱ ለፈተና ያዘጋጅዎታል፤ ፈተናው ለፈቃድ ያበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ሳይኖረኝ ጨርሶ መሥራት አልችልም ማለት ነው?
መልስ፦ ፈቃድ ባለው ሰው የቅርብ ቁጥጥር ሥር ሆኖ መሥራትና መማር የተለመደ መንገድ ነው። «የቅርብ» የሚለውን ቃል ልብ በል። ባለፈቃዱ ሎድዋር ተቀምጦ አንተ እዚህ ብቻህን ብትሠራ ቁጥጥር አይባልም።

ጥያቄ፦ ባለፈቃዱ «አንተ ሥራ፣ እኔ እፈርማለሁ» አለኝ። ምን ችግር አለው?
መልስ፦ ብዙ ችግር አለው። ሳያይ የሚፈርም ሰው ሳይፈትሽ ይፈርማል። አደጋ ቢደርስ «እኔ አልሠራሁም» ይላል፤ አንተም የሠራኸው ሥራ በስምህ አልተጻፈም፣ ስለዚህ የልምድ ደብዳቤ አታገኝበትም። ድካሙ ያንተ፣ ወረቀቱ የእርሱ፣ አደጋው ደግሞ የባለቤቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባል የሞተብኝ እናት ነኝ። ቤቴን የሚሠራልኝ ሰው ፈቃድ እንዳለው እንዴት አውቃለሁ?
መልስ፦ እትዬ፣ ወረቀቱን ያሳይዎት ዘንድ ይጠይቁት፤ ይህ ስድብ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ስሙን፣ ደረጃውንና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ስሙን ከመታወቂያው ጋር ያስተያዩ። ሥራው ሲያልቅም «የምድር ሽቦውን ፈትሸህ አሳየኝ» ይበሉት። የሚያውቅ ሠራተኛ በደስታ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ይህን ሙያ ልትይዝ ትችላለች?
መልስ፦ ደንቡ የሚጠይቀው ችሎታን ነው፤ ወንድ ወይም ሴት አይልም። ብዙ እናቶች ወንዶች በሌሉበት ሰዓት ሴት ሠራተኛ ወደ ቤታቸው ብትመጣ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ ሥራም አታጣም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ አንዴ ከተገኘ ለዘለዓለም ነው?
መልስ፦ አይደለም። የተቋራጭ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል። ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ እንደሌለ ይቆጠራል። ሊነጠቅም ይችላል።

ጥያቄ፦ «ገንዘብ ከከፈልክ ሳትፈተን አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው አለ።
መልስ፦ ሽሹት። ባለሥልጣኑ ዘንድ የማይገኝ ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ የተገኘ ስደተኛ ደግሞ የሚያጣው ሙያውን ብቻ አይደለም፤ የስደተኝነት ጉዳዩንም ያበላሻል። ክፍያ የሚፈጸመው ለባለሥልጣኑ ነው፤ ደረሰኝም አለው።

8. ለወላጆች፦ የስም ጉዳይ

የብዙ ልጆቻችን መንገድ የሚሰናከለው በፈተና አይደለም፤ በስም ነው። ለምሳሌ ፀሐይ የተባለች ልጅ በመታወቂያዋ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትምህርት ቤት ካርዷ ላይ በሌላ፣ በፈተና ውጤቷ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ትጻፋለች። ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናት፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ወረቀት የአባትን ስም ብቻ፣ ሌላው የአያትንም ጨምሮ ሲጽፍም እንዲሁ ይሆናል።

ሌላው የልደት ቀን ነው። መስከረም 20 ቀን 1998 እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተወለደ ልጅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ነው። አንዱ ወረቀት 1998፣ ሌላው 2005 ካለ ልጁ በሰባት ዓመት ይሰፋል ወይም ይጠባል። በጳጉሜ የተወለደም አለ፤ የውጭ ፎርም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ጸሐፊው የመሰለውን ይጽፋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የልጆቻችሁን ወረቀቶች ዘርግታችሁ አስተያዩአቸው። ልዩነት ካለ በመታወቂያው ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሌሎቹን አስተካክሉ። ስሕተቱ ያለው በመታወቂያው ላይ ከሆነ ግን ልጁ ለሙያ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ዘንድ አስተካክሉ። ዛሬ አንድ ቀን የሚፈጀው ነገር ከአምስት ወረቀት በኋላ አንድ ዓመት ይፈጃል።

9. ተማሪ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርግ?

1ኛ) ሒሳብና ፊዚክስ አጥኑ። ከላይ ያሰላነው የምጣድ ሒሳብ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

2ኛ) አንድ ደብተር ያዙ። የሠራችሁትን ሥራ ሁሉ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን እንደሠራችሁና ማን እንደተቆጣጠራችሁ ጻፉ። ተቆጣጣሪውን አስፈርሙ። የልምድ ደብዳቤ የሚጻፈው ከዚህ ደብተር ነው።

3ኛ) ሥልጠና ፈልጉ። እዚህ ካኩማ ዶን ቦስኮ የኤሌክትሪክ ሙያ ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ የምዝገባውን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

4ኛ) ወረቀቶቻችሁን ቅጂ አድርጋችሁ በሁለት ቦታ፣ ውኃና ምስጥ በማይደርስበት አስቀምጡ።

5ኛ) ከመንካታችሁ በፊት አጥፉ፣ ፈትሹ፣ እንደገና ፈትሹ። ሕይወት የሌለው ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም።

10. መልመጃ

ሀ) 2000 ዋት የሆነ የውኃ ማፍያ በ240 ቮልት ላይ ስንት አምፔር ይስባል? በ13 አምፔር ሶኬት ላይ መሰካት ይቻላልን?

ለ) አንድ ሰው የሠራተኛ ፈቃድ አለው፣ የተቋራጭ ፈቃድ ግን የለውም። የአንድ ሱቅ ባለቤት ሙሉውን ሥራ በውል ሊሰጠው ፈለገ። ትክክል ነውን? ምክንያቱን አስረዱ።

ሐ) እያንዳንዳቸው 120 ዋት የሆኑ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎችና አንድ ኢንቨርተር ያሉት ሥራ በ2012ቱ ደንብ በየትኛው የቴክኒሻን ደረጃ ሥር ይወድቃል?

መ) «መብራቱ በርቷል፣ ስለዚህ ሥራው ደኅና ነው» ለሚል ጎረቤት በሁለት ነጥብ መልሱለት።

መልስ፦ ሀ) 2000 ÷ 240 = 8.3 አምፔር፤ ይቻላል። ለ) ትክክል አይደለም፤ ውል ለመዋዋልና ፈርሞ ለማስረከብ የተቋራጭ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐ) ድምሩ 240 ዋት ስለሆነና ኢንቨርተር ስላለው ቲ-2። መ) የምድር ሽቦ ባይኖርም መብራት ይበራል፤ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ቢተካም መብራት ይበራል።

ተማሪዎች፣ መልመጃውን መልሱን ሳታዩ ሠርታችሁ ወደ ክፍል አምጡ። ወላጆችም የልጆቻችሁን ስም ያስተያያችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እንመለከተዋለን። መልካም ጥናት።